በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚፈረም ጠቅላላ ውክልና

በኮንቴይነር ክላስተር ላይ ሶፍትዌር በሚያሰማሩ ባለሙያዎች ዘንድ ሥር የሰደደ፣ ከመደጋገሙ ብዛት ማስረጃ የማይጠየቅበት አንድ እምነት አለ። እምነቱ፣ ፕሮግራምን የሚያሰማራው ኤጀንት በክላስተሩ ውስጥ እስከተተከለ፣ ትእዛዝንም ከውጭ ከመቀበል ይልቅ ራሱ ከጊት ማከማቻ እየሳበ እስከሠራ ድረስ ሥርዓቱ በባሕርይው አስተማማኝ ነው የሚል ነው። ከዚህ እምነት የተወለደ ሁለተኛ እምነትም አለ፤ ተከላው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ከተከላው በኋላ የሚመጣው ማዋቀር ደግሞ ጊዜ ሲገኝ የሚታይ ዝርዝር ነው የሚል። የዚህ መጣጥፍ ሙግት የተገላቢጦሽ ነው፤ መሳብም ሆነ መግፋት ስለ ደኅንነት የሚናገረው ጥቂት ሲሆን፣ ደኅንነትን የሚወስነው ለኤጀንቱ የተሰጠው ሥልጣን ስፋት ነው፤ ይህ ሥልጣን ደግሞ የሚፈረመው ማንም ልብ ብሎ በማያነበው በዚያው የአምስት ደቂቃ ተከላ ውስጥ ነው።

ቃላቱ አስቀድመው ቢፈቱ ሙግቱን መከተል ይቀልላል። ኮንቴይነር አንድን ፕሮግራም ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር በአንድ ጥቅል አስሮ፣ ከጎረቤቶቹ ለይቶ የሚያስኬድ ዘዴ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዶከር ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ በሰፊው ተሰራጭቷል። ብዙ ኮንቴይነሮች በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሲበተኑ የትኛው የት ይሂድ፣ የወደቀውን ማን ያንሣ የሚለውን የሚወስን አስተዳዳሪ ያስፈልጋል፤ ይህን ሥራ ዛሬ በአብዛኛው የያዘው ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገውና የመጀመሪያ ሙሉ ቅጂው በ2015 የወጣው ኩበርኔቲስ ነው፤ ስሙም በግሪክኛ መርከብ ነጂ ማለት ነው። በኩበርኔቲስ የሚተዳደር የኮምፒውተሮች ስብስብ ክላስተር ይባላል። የማሰማሪያ ኤጀንት በበኩሉ በክላስተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ በጊት ማከማቻ፣ ማለትም የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚይዝ መዝገብ፣ ውስጥ የተጻፈውን የ«እንዲህ ይሁን» መግለጫ ያነባል፣ በክላስተሩ ውስጥ በእውን ካለው ጋር ያነጻጽራል፣ ልዩነት ያገኘ እንደሆነም ክላስተሩን በጽሑፉ ልክ ያስተካክላል። አርጎ ሲዲ፣ ፍለክስ እና የጊትላብ ኤጀንት በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ዘዴው ጊትኦፕስ የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ስሙን ያወጡት የዊቭወርክስ ኩባንያ መሪ የነበሩት አሌክሲስ ሪቻርድሰን ናቸው። ኩባንያው በ2024 መጀመሪያ ላይ ተዘግቷል፤ ስሙና ዘዴው ግን ከእርሱ ዕድሜ በላይ ኖረዋል።

የተለመደው እምነት ከሜዳ የበቀለ አይደለም። ከኤጀንቱ በፊት የነበረው፣ ዛሬም በብዙ ቦታ ያለው አሠራር የመግፋት አሠራር ነው፤ በዚህ አሠራር ፕሮግራሙን የሚገነባውና የሚፈትነው የውጭ አገልግሎት የክላስተሩን ቁልፍ ይዞ፣ ከደጅ ሆኖ ወደ ውስጥ ያዝዛል። የዚህ አሠራር አደጋ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በጃንዩወሪ 2023 ሰርክልሲአይ የተባለው የግንባታ አገልግሎት፣ የአንድ ባለሙያው ኮምፒውተር በጎጂ ፕሮግራም ተጠቅቶ ሰርጎ ገቦች ወደ ሥርዓቱ በመግባታቸው፣ ደንበኞቹ በእርሱ ዘንድ ያስቀመጡትን ምስጢር ሁሉ እንዲቀይሩ አሳሰበ። ከዚያ ቀደም ሲል በ2021 በኮድኮቭ ላይ በደረሰው ጥቃት፣ ደንበኞች በግንባታ ሥርዓታቸው ውስጥ ያስኬዱት የነበረ አንድ አጭር የትእዛዝ ፋይል ከጃንዩወሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ድረስ ተቀይሮ ቆይቶ፣ በየግንባታው አካባቢ የተቀመጡ ቁልፎችን ወደ አጥቂዎቹ ሲልክ ነበር። በእጅ የማሰማራት ጉዳትም አይረሳም፤ ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት በኦገስት 1 ቀን 2012 ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ በ45 ደቂቃ ያጣው፣ አዲሱ ፕሮግራም ከስምንት አገልጋዮች በሰባቱ ላይ ብቻ ተጭኖ ስምንተኛው በመረሳቱ ነበር። የማይታክት፣ የማይረሳ፣ ልዩነትን በየደቂቃው የሚፈትሽ ኤጀንት እንዲህ ላለው ዝንጋታ መድኃኒት መሆኑን የሚክድ ሰው በሙግቱ ገና ከመነሻው ይሸነፋል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ትክክለኛ መነሻ ወደ መደምደሚያው በሚደረገው ዝላይ ላይ ነው። ቁልፍን በሦስተኛ ወገን እጅ ማስቀመጥ አደገኛ መሆኑ፣ ቁልፉን በቤት ውስጥ ለሚኖር ሠራተኛ መስጠት ያለ ገደብ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። በአማርኛ ኤጀንት ወኪል ነው፤ ባለሙያዎች ቃሉን በእንግሊዝኛው ሲጠሩት የሚጠፋው ነገር በአማርኛው ጎልቶ ይሰማል፤ ወኪል ካለ ወካይ አለ፣ በመካከላቸውም የሥልጣኑን ልክ የሚያስቀምጥ ውክልና አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ወኪሉ የአስተዳደር ሥራዎችን ብቻ እንዲፈጽም እንደሚያስችለው ይደነግጋል፤ በቁጥር 2205 ደግሞ ወኪሉ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲሸጥ ወይም በመያዣ እንዲሰጥ፣ ስጦታ እንዲያደርግ፣ እንዲታረቅ ወይም በፍርድ ቤት እንዲሟገት ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልገው ያስቀምጣል። የድንጋጌዎቹ ጥበብ ዝምታን በጠባቡ መተርጎማቸው ነው፤ ወካዩ በግልጽ ያልሰጠውን ወኪሉ እንደተሰጠው አይቆጥርም። የማሰማሪያ ኤጀንቶች ተከላ ግን ዝምታን በሰፊው ይተረጉማል፤ ተካዩ ምንም ካልተናገረ ሁሉም ነገር እንደተፈቀደ ይቆጠራል።

ይህ ማጋነን አለመሆኑን ለማየት ፋይሎቹን ራሳቸውን መክፈት በቂ ነው። በኩበርኔቲስ ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም ሰርቪስ አካውንት የሚባል መታወቂያ አለው፤ ይህ መታወቂያ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስነው ከእርሱ ጋር የታሰረው ሮል፣ ማለትም የሥልጣን ዝርዝር ነው። ሮሉ በአንድ ኔምስፔስ፣ ማለትም በክላስተሩ ውስጥ በስም በታጠረ አንድ ክፍል ሊወሰን ይችላል፤ ክላስተሩን ሁሉ ሊያካልልም ይችላል። ለአርጎ ሲዲ መግቢያ ተብሎ በሰፊው የሚጠቀሰው የተከላ ፋይል ለዋናው ተቆጣጣሪ የሚሰጠው የሥልጣን ዝርዝር በሦስት ኮከቦች ይጠቃለላል፤ በማንኛውም የኤፒአይ (የክላስተሩ የትእዛዝ መቀበያ) ክፍል፣ በማንኛውም ሀብት ላይ፣ ማንኛውንም ድርጊት። ፍለክስ በተለመደው አተካከሉ ሁለቱን ዋና ተቆጣጣሪዎቹን ክላስተር-አድሚን ከሚባለውና ከላዩ ሌላ ሥልጣን ከሌለው ሮል ጋር ያስራቸዋል። የጊትላብ ኤጀንትም በተለመደው ተከላው ያንኑ ክላስተር-አድሚን ይቀበላል። ሦስት የተለያዩ መሣሪያዎች፣ በተለያዩ እጆች የተሠሩ፣ በአንድ ነገር ግን የተስማሙ ናቸው፤ ወኪሉ መሸጥም፣ ማፍረስም፣ ለሌላ መስጠትም ይችላል።

ጥፋቱ የመሣሪያዎቹ ሠሪዎች ብቻ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አርጎ ሲዲ ሥልጣኑ በኔምስፔስ የተወሰነ ሁለተኛ የተከላ ፋይል አለው። ፍለክስ ብዙ ቡድኖች ለሚጋሩት ክላስተር ሥልጣንን እንዴት ማጥበብ እንደሚቻል በሰነዱ በግልጽ አስፍሯል። ጊትላብም የራስን ጠባብ ሮል ማቅረብ እንደሚቻል ይናገራል። ማንም ያልደበቀውን ነገር ያሳወረው «በአንድ ትእዛዝ ይተከላል» የሚለው ፉከራ ነው፤ ለሙከራ የተዘጋጀው ፋይል ለሙከራ ተተክሎ፣ ከሙከራው በኋላ እንደነበረ ወደ ዋናው ሥራ ይሸጋገራል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም፣ ምክንያቱም ይሠራል። የሚሠራን ነገር መንካት የሚፈራ ሙያ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ቸልታ ለዓመታት ያቆየዋል።

«ቁልፉ ከክላስተሩ አይወጣም» የሚለው አባባል የእምነቱ ሁሉ ምሰሶ ስለሆነ ለብቻው ሊመረመር ይገባዋል። ኤጀንቱ በጊት ማከማቻው ዋና ቅርንጫፍ ላይ የተጻፈውን ሁሉ የሚፈጽም ከሆነ፣ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ለውጥ ማስገባት የሚችል ሰው ሁሉ የክላስተሩ ባለሥልጣን ነው። ቁልፉ አልጠፋም፤ መልኩን ቀየረ እንጂ። ትናንት በግንባታ አገልጋዩ ላይ የተቀመጠ ምስጢር የነበረው፣ ዛሬ ለማከማቻው የመጻፊያ ፈቃድ ሆኗል፤ ይህ ፈቃድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክላስተር ቁልፍ ይልቅ ለብዙ ሰው፣ በቀላል ልብ ይታደላል፤ ለአዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ቀን፣ ለጊዜያዊ አማካሪ በአንድ መልእክት። የክላስተሩን ቁልፍ የሚጠብቅ ድርጅት ብዙ ነው፤ የማከማቻውን በር በክላስተሩ ቁልፍ ልክ የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው። የተለመደው እምነት ይህን ለውጥ እንደ መሻሻል ሲቆጥር፣ የተጠበቀው በር ባልተጠበቀ በር መተካቱን አያይም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ብዙ ክላስተሮች ባሏቸው ድርጅቶች ዘንድ የተለመደው አተካከል ነው። በእነዚህ ቦታዎች አንድ ማዕከላዊ አርጎ ሲዲ ተተክሎ ሌሎቹ ክላስተሮች በእርሱ ይመዘገባሉ፤ የምዝገባው ትእዛዝ በሩቁ ክላስተር ውስጥ ሰፊ ሥልጣን ያለው ሰርቪስ አካውንት ይፈጥርና፣ የእርሱን ቶክን፣ ማለትም ያለ ሌላ ጥያቄ የሚያስገባ የመግቢያ ወረቀት፣ አምጥቶ በማዕከሉ ክላስተር ውስጥ በአንድ ኔምስፔስ ያስቀምጠዋል። የሃያ ክላስተር ቁልፍ በአንድ ጓዳ ተሰቀለ ማለት ነው። የኩበርኔቲስ ምስጢር መያዣ ደግሞ፣ ተጨማሪ ምስጠራ ካልተዋቀረለት በቀር፣ ይዘቱን በሌላ ፊደል ጽፎ ከማስቀመጥ ያለፈ ጥበቃ አያደርግለትም። ከማዕከሉ ወደ ሌሎቹ ክላስተሮች የሚሄደው ትእዛዝ ከውጭ የሚገፋ ትእዛዝ ነው፤ ማዕከሉ ለእነርሱ ያው የተወገዘው የግንባታ አገልጋይ ነው፣ ስሙ ብቻ ተለውጧል። መሳብን እንደ መርሕ የሚሰብኩ ሰዎች የመግፋትን ሥርዓት በትልቁ ገንብተው ሲያበቁ መርሑን ማወደሳቸውን አለመተዋቸው፣ ለዚህ ሙግት ከማንኛውም ምሳሌ የበለጠ ምስክር ነው።

የሰፊ ውክልና ጣጣ በክላስተር ዓለም አዲስ አይደለም፤ ሙያው አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ሄዶ ተመልሷል። ሄልም የተባለው የኩበርኔቲስ ጥቅል አስተዳዳሪ በሁለተኛው ትውልዱ ቲለር የሚባል ክፍል ነበረው፤ ቲለር በክላስተሩ ውስጥ ተተክሎ፣ ከተጠቃሚው ኮምፒውተር የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ፣ ጥቅሉን በተጠቃሚው ስም ሳይሆን በራሱ ሥልጣን ይጭን ነበር። ቲለር በታሰበበት ዘመን ኩበርኔቲስ ሥልጣንን በሮል የማከፋፈል ሥርዓቱን በነባሪነት አልያዘም ነበር፤ ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2017 በ1.6 ቅጂ መስፋፋት ሲጀምር፣ ቲለር ሥራውን ለመቀጠል ሥልጣን አስፈለገው፤ ባለሙያዎቹም ነገሩን ለማሳጠር ክላስተር-አድሚን ሰጡት። ቲለር ግን በተለመደው ተከላው የሚጠይቀውን ሰው ማንነት አያረጋግጥም ነበር፤ በክላስተሩ ውስጥ ያለ ማንኛውም ፖድ፣ ማለትም የኮንቴይነሮች ትንሹ የሥራ ክፍል፣ የቲለርን በር ማንኳኳት ከቻለ የቲለርን ሥልጣን ሁሉ አገኘ ማለት ነበር። አንድ ቀላል ድረ ገጽ የሚያስተናግድ ኮንቴይነር የተሰበረበት ድርጅት፣ ክላስተሩን በሙሉ ያጣ ዘንድ ሌላ ስሕተት አያስፈልገውም ነበር። በኖቬምበር 2019 የወጣው ሦስተኛው ሄልም ቲለርን አላሻሻለውም፤ ፈጽሞ አስወገደው። ከዚያ በኋላ ሄልም የሚሠራው በሚጠቀምበት ሰው ሥልጣን ልክ ሆነ። ሙያው ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝቶ ሲያበቃ፣ በዚያው ሰሞን በሌላ ስም ሌላ ሁሉን ቻይ ወኪል በክላስተሩ ውስጥ እያስገባ ነበር።

አዲሶቹ ኤጀንቶች ከቲለር ይልቅ በብዙ እጥፍ የተጠነቀቁ መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ማንነት ያረጋግጣሉ፣ ፕሮጀክት ይለያሉ፣ ድርጊትን ይመዘግባሉ። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ባለበትም የሥልጣኑ ስፋት ስንጥቅን ሁሉ ወደ ገደል ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በሲቪኢ-2024-31989 ስም ይፋ የሆነው የአርጎ ሲዲ ድክመት ለዚህ የተሻለው ማሳያ ነው። አርጎ ሲዲ የሚያዘጋጃቸውን መግለጫዎች ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ሬዲስ የተባለ የማኅደረ ትውስታ ጎታ አለ፤ ይህ ጎታ በተለመደው ተከላ የይለፍ ቃል አልነበረውም። በበር ቁጥር 6379 ወደ ሬዲሱ መድረስ የቻለ ፖድ የተቀመጡትን መግለጫዎች ለውጦ፣ ኤጀንቱ የአጥቂውን ጽሑፍ እውነተኛ መስሎት እንዲያሰማራ ማድረግ ይችል ነበር። የተከላው ፋይል ይህን በር የሚዘጋ የአውታረ መረብ ደንብ ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ደንቡን የሚያስፈጽም የአውታረ መረብ ክፍል ባልተዋቀረበት ክላስተር ላይ ደንብ ማለት ዘበኛ የሌለው «መግባት ክልክል ነው» ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጊት አልተነካም፤ መሳብም አልተቋረጠም፤ ቁልፍም ከክላስተሩ አልወጣም። የተለመደው እምነት የሚጠይቃቸው ሁሉ ተሟልተው ሳለ ክላስተሩ ሊወሰድ የቻለው፣ የተታለለው ወኪል ሁሉን ማድረግ የሚችል ስለነበረ ነው። ሥልጣኑ በሁለት ኔምስፔስ የተወሰነ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱም በሁለት ኔምስፔስ በቆመ ነበር።

የጠባብ ሥልጣን ተቃዋሚዎች ከሚያቀርቧቸው መከራከሪያዎች ውኃ የሚያነሣው አንድ ነው። ኤጀንቱ ሥራውን ለመሥራት በክላስተር ደረጃ የሚገኙ ነገሮችን መፍጠር አለበት፤ አዳዲስ የሀብት ዓይነቶችን፣ ኔምስፔሶችን፣ ሮሎችን ራሳቸውን ጭምር። ኩበርኔቲስ ደግሞ ማንም የሌለውን ሥልጣን ለሌላ እንዲሰጥ በተለመደው ደንብ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ሮል የሚፈጥር ኤጀንት ቢያንስ የዚያ ሮል ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ሲደመር ሲደመር ክላስተር-አድሚን ላይ ይደርሳል። ክርክሩ በቴክኒክ ረገድ ትክክል ነው፤ የሚያረጋግጠው ግን ተቃዋሚዎቹ ያሰቡትን አይደለም። የሀብት ዓይነቶች፣ ኔምስፔሶችና ሮሎች በወር አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚቀየሩ የክላስተሩ መሠረቶች ናቸው፤ የፕሮግራም አዲስ ቅጂ ግን በቀን አሥር ጊዜ ይወጣል። በወር አንዴ ለሚሠራ ሥራ የሚያስፈልገውን ሥልጣን በቀን አሥር ጊዜ ለሚሠራው ሥራ መስጠት፣ ቤቱን የሠራው ግንበኛ ከነመዶሻው ሳሎን ውስጥ ይክረም እንደማለት ነው። ሁለቱ ሥራዎች ለሁለት ይከፈሉ፤ መሠረቱን የሚጥለው ሰፊ ሥልጣን ያለው አሠራር በጥቂት ሰዎች እጅ፣ በተለየ ማከማቻ፣ በሰው ማጽደቅ ይመራ፤ የዕለት ሥራውን የሚይዘው ኤጀንት ደግሞ በተሰጡት ኔምስፔሶች ውስጥ፣ በተዘረዘሩ የሀብት ዓይነቶች ላይ ብቻ ይሥራ። በፍለክስ እያንዳንዱ የማሰማሪያ መግለጫ የሚፈጸምበትን ሰርቪስ አካውንት መሰየም ይቻላል፤ ያልተሰየመለት መግለጫ ምንም ሥልጣን በሌለው አካውንት እንዲወድቅ ማስገደድም ይቻላል። በአርጎ ሲዲ «ዲፎልት» የሚባለው ፕሮጀክት ከማንኛውም ማከማቻ ወደ ማንኛውም ቦታ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እርሱን ባዶ ማድረግና ለየቡድኑ ማከማቻውም መድረሻውም የተቆጠረ ፕሮጀክት ማበጀት ነው። ይህ ሁሉ ማዋቀር ነው፤ ከተከላው በኋላ ሳይሆን ከተከላው ጋር የሚሠራ።

ሌላው መከራከሪያ፣ የጊት ታሪክ ሁሉን ነገር ስለሚመዘግብ ጥፋት አይሰወርም የሚለው፣ እጅግ ይወደሳል፤ ነገር ግን መዝገብ ካሣ አይደለም። መዝገቡ የሚናገረው ከሆነ በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ በጊት ታሪክ ላይ የሚነበበው የጸሐፊ ስም ጸሐፊው ራሱ በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠው ስም ነው፤ ለውጡ በምስጠራ ካልተፈረመና ኤጀንቱም ፊርማውን እንዲያረጋግጥ ካልተዋቀረ፣ ማንም በማንም ስም መጻፍ ይችላል። ፊርማን የማረጋገጥ ችሎታ በፍለክስም በአርጎ ሲዲም አለ፤ በተለመደው ተከላ ግን አይበራም።

«እኛ አራት ሰዎች ነን፣ ይህ ሁሉ የትልልቅ ድርጅቶች ጣጣ ነው» የሚለው ደግሞ ከመከራከሪያ ይልቅ ለስንፍና የተሰጠ ጨዋ ስም ነው። የአራት ሰዎች ድርጅት የሚያሰማራው ሦስት ወይም አምስት ፕሮግራም ነው፤ ለአምስት ፕሮግራም የሚበቃ ጠባብ ሮል መጻፍ ለአምስት መቶ ከመጻፍ ይልቅ እጅግ ይቀላል። የጥቃት ጉዳትም ድርጅት አያማርጥም፤ ትልቁ ድርጅት ሌሊቱን የሚጠብቅለት ቡድን አለው፣ ትንሹ የለውም።

ከሁሉ ይልቅ ሊያስደነግጥ የሚገባው፣ ግን ጥቂቶች ብቻ የሚያነሡት ነጥብ ኤጀንቱ ራሱን የሚያስተዳድር መሆኑ ነው። በፍለክስ የተለመደ አተካከል፣ የኤጀንቱ ክፍሎች መግለጫ፣ ክላስተር-አድሚን የሚያስረው ጽሑፍ ጭምር፣ ኤጀንቱ በሚያነበው ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኤጀንቱም ራሱን ከዚያ እያነበበ ያድሳል። ምቾቱ ግልጽ ነው፤ ማሻሻያው እንደማንኛውም ለውጥ በአንድ ጽሑፍ ይፈጸማል። የሕግ ትርጉሙ ግን ይህ ነው፦ ውክልናው የተጻፈበት ወረቀት ወኪሉ በሚታዘዘው መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ መዝገቡን መጻፍ የሚችል ሁሉ ውክልናውንም ማሻሻል ይችላል። በጥንቃቄ የጠበበ ሮል እንኳ በዚህ አቀማመጥ ከአንድ ለውጥ በኋላ ተመልሶ ሊሰፋ ይችላል። የኤጀንቱ ሥልጣን ጽሑፍ ኤጀንቱ በማይደርስበት ስፍራ፣ ኤጀንቱ በማይታዘዘው እጅ ሊቀመጥ ይገባዋል።

ስለ ባሕርይ ማዋቀር፣ ማለትም ኤጀንቱ ምን ያህል በራሱ ይወስን ስለሚለው፣ አጭር ቃል ይበቃል። አርጎ ሲዲ በነባሪነት ለውጥን በየጥቂት ደቂቃው ይፈትሻል፤ በራሱ ማሰማራትን፣ ከጊት የጠፋውን ከክላስተር መሰረዝን፣ በእጅ የተለወጠውን መመለስን ግን እስኪበሩ ድረስ አጥፍቶ ያቆያቸዋል፤ ይህ የሠሪዎቹ ጥንቃቄ ነው። የተለመደው ምክር ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አብሩ ይላል። መሰረዝ የበራበት ኤጀንት፣ አንድ ሰው ማከማቻውን ሲያጸዳ በስሕተት ያወጣውን ፋይል የባለቤቱ ፈቃድ አድርጎ ይወስደዋል፤ ፋይሉ የመረጃ ጎታ ማከማቻ ጥያቄ ከሆነ መረጃውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። መመለስ የበራበት ኤጀንት ደግሞ በሌሊት አደጋ መካከል ባለሙያው በእጁ ያደረገውን ማስታገሻ ወዲያው ያፈርሰዋል፤ የፖዶችን ብዛት በጭነት ልክ ከሚጨምረው የኩበርኔቲስ ክፍል ጋርም፣ ቁጥሩ በጊት ውስጥ የተጻፈ ከሆነ፣ አንዱ ሲሰቅል ሌላው ሲያወርድ የማያልቅ ትግል ይገጥማል። እነዚህ ሁሉ በየፕሮግራሙ የሚወሰኑ እንጂ በአንድ እጅ የሚበሩ መብራቶች አይደሉም።

ኤጀንት በክላስተሩ የተከለ ሁሉ አንድ ነገር ዛሬውኑ ማድረግ ይችላል። በኩበርኔቲስ የትእዛዝ መስመር ላይ «ይህ ሰርቪስ አካውንት ይህን ማድረግ ይችላልን» ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ አለ፤ ድርጊቱም ሀብቱም በኮከብ ተተክተው፣ ጥያቄው በኤጀንቱ አካውንት ስም ይቅረብ። ክላስተሩ በአንድ ቃል ይመልሳል፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ በዚያ ክላስተር ላይ ማንም ያላነበበው ጠቅላላ ውክልና እየሠራ ነውና ተሽሮ በልዩ ውክልና ይተካ።